የአንጥረኛው ድምፅ፦ ቲታ ሩፎና የጣሊያን ባሪቶኖች የመድረክ ዕድሜ

በጥር 1914 ሁለት ጣሊያናውያን አሜሪካ ውስጥ እንደ ጥሩንባ አፉን በከፈተ የድምፅ መቅጃ ፊት ቆሙ። አንደኛው የዘመኑ ስመ ጥር ቴነር ኤንሪኮ ካሩሶ ነው፤ ሌላው ባሪቶኑ ቲታ ሩፎ። የዘፈኑት ከጁሴፔ ቨርዲ ኦፔራ ከ«ኦቴሎ» ሁለተኛው ገቢር የሚዘጋበትን የመሐላ ዱዌት ነበር። ማይክሮፎን ገና ለሸክላ ሥራ አልደረሰም። የዘፋኙ ድምፅ በራሱ ጉልበት መርፌዋን አንቀሳቅሶ ሰሙን መጫር ነበረበት። ካሩሶ አብሮት የሚዘፍነውን ሁሉ በድምፁ የሚሸፍን ሰው ነበር፤ እዚህ ሸክላ ላይ ግን የማይሸፈን ሰው ገጠመው። አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለቱ ድምፆች እየተፎካከሩ ይወጣሉ፤ መጨረሻቸው ላይ የሚሰማው መዋሃድ ከመቶ ዓመት በኋላም ገላን ያስደነግጣል። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ዱዌት ሆኖ በሸክላ ለሕዝብ የቀረበው ይኸው ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያን ሸክላ ደጋግሞ የሰማ ሰው አንድ ጥያቄ ሳያነሳ አያልፍም። ይህን ያህል ድምፅ የነበረው ሰው ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ድምፁ ለምን ከዳው? ከእሱ በፊት የነበረው ማቲያ ባቲስቲኒ ሰባ ዓመት አልፎትም ይዘፍን ነበር። የሩፎ እኩያ ጁሴፔ ዴ ሉካ ከመጀመሪያው መድረክ እስከ መሰናበቻው ሃምሳ ዓመት ቆጥሯል። የኦፔራ ጸሐፊዎች ስለ ሩፎ ሲጽፉ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ብይን ይሰጣሉ፤ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ረጨው ይላሉ። ይህ ብይን ግማሽ እውነት ይመስለኛል። ቀሪውን ግማሽ ለማየት የጣሊያን ባሪቶን የሚባለው ሙያ ከምን እንደተሠራ፣ ሰዎቹም ዕድሜያቸውን እንዴት እንደኖሩበት መቃኘት ያስፈልጋል።

ባሪቶን ከወንዶች ድምፅ መካከለኛው ነው፤ ከቴነር ዝቅ፣ ከባስ ከፍ ይላል። አብዛኛው ወንድ ሲናገር ድምፁ የሚያርፈው እዚሁ አካባቢ ስለሆነ፣ ባሪቶን ሲዘፍን ጎረቤታችን ስሜቱ ገንፍሎ የሚናገር ይመስለናል። ቨርዲ ይህን ድምፅ ወስዶ ከለመደው ቦታ ከፍ አደረገው። ከእሱ በፊት የነበሩት ደራሲዎች ባሪቶኑን ላይኛው ኖታ ላይ የሚያደርሱት አልፎ አልፎ ሲሆን፣ ቨርዲ ግን ምሽቱን ሙሉ እዚያው አካባቢ አቆየው። ሸክም ይዞ ሜዳ ላይ መሄድና ዳገት መውጣት አንድ አይደለም፤ የቨርዲ ባሪቶን ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚውለው ዳገት ላይ ነው። በዚያ ላይ ኦርኬስትራውን አልፎ እስከ መጨረሻው ወንበር መሰማት አለበት።

ቨርዲ ለዚህ ድምፅ የሰጠው ሚና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአባት ነው። በ1842 ሚላን ላ ስካላ በታየው «ናቡኮ» ጆርጆ ሮንኮኒ የተጫወተው ንጉሥ አባት ነው። በ1851 ቬኒስ ላይ ፌሊቼ ቫሬዚ የፈጠረው «ሪጎሌቶ» ልጁን ከዓለም ደብቆ የሚያሳድግ፣ በመጨረሻም ልትሞት የምታጣጥር ልጁን በጆንያ የሚረከብ ጎባጣ የቤተ መንግሥት አጫዋች ነው። የ«ላ ትራቪያታ»ው ዠርሞን አባት ነው፤ ሲሞን ቦካኔግራም አባት ነው። ለእኛ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው አባት ደግሞ በታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው «አይዳ» ውስጥ አለ። አሞናስሮ ይባላል፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው። ማንነቱን ደብቆ ከምርኮኞች ጋር ይገባና፣ የግብፅ ጦር የሚያልፍበትን መንገድ ከወዳጇ እንድታወጣለት ልጁን አይዳን በሀገር ስም ይማጸናታል። ኦፔራውን ያዘዘው የግብፁ ከዲቭ ኢስማኤል ነበር። የኢስማኤል ጦር አራት ዓመት ቆይቶ እውነተኛውን ንጉሥ አፄ ዮሐንስን ገጥሞ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ ተሸነፈ። መድረኩ ላይ ግን የኢትዮጵያው ንጉሥ እስከ ዛሬ በየምሽቱ ይሸነፋል። የቨርዲን ሥራ ይዞ የሚኖር ባሪቶን ሁሉ ይህን ንጉሥ ማወቅ አለበት፤ አሞናስሮ ለሙያው እንጀራ ከሚሆኑት ሚናዎች አንዱ ነው።

እንግዲህ በዚህ ዳገት ላይ ማን እንዴት ተራመደ? ለንጽጽር የሚመቸው አጋጣሚ ከሮም ይገኛል። ቬንቼስላኦ ፔርሲኪኒ የሚባል የድምፅ መምህር በሳንታ ቼቺሊያ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ባቲስቲኒም፣ ዴ ሉካም፣ ሩፎም በእሱ እጅ አልፈዋል። ሦስቱም በየመንገዳቸው የዘመናቸው ታላላቅ ባሪቶኖች ሆኑ፤ ከሦስቱ ግን መምህሩ ድምፅ የለህም ብሎ ያሰናበተው አንዱን ብቻ ነው። እሱም ሩፎ ነው።

ባቲስቲኒ በ1878 ሮም ውስጥ ሥራ ጀመረ። ደቡብ አሜሪካን ካየ በኋላ ግን ከባሕር ጉዞ ሸሽቶ የሰሜን አሜሪካን ገንዘብ ሳይነካው ኖረ። ሀብቱና ዝናው ከሩሲያ ነበር፤ በዛሮቹ ዘመን ዓመት ከዓመት እየተመላለሰ ዘፍኗል። ድምፁ ቀላል፣ ጥርት ያለ፣ ትንፋሹም ረጅም ነበር። ማስኔ የቴነር የነበረውን «ቬርተር» ለእሱ ብሎ ወደ ባሪቶን ለውጦለታል። ሸክላዎቹን ስሰማ የሚገርመኝ ጉልበቱን የትም ሳያባክን መዝፈኑ ነው። ዴ ሉካም ከዚሁ ወገን ነው። ግዙፍ ድምፅ አልነበረውም፤ ያለችውን በሥርዓት አስተዳደረ። በ1904 በፑቺኒ «ማዳም ባተርፍላይ» የመጀመሪያው ሻርፕለስ፣ በ1918 ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያው ጃኒ ስኪኪ እሱ ነው። በ1897 የጀመረውን ሥራ በ1947 ኒው ዮርክ ላይ በኮንሰርት ተሰናበተ።

ሩፎ ከዚህ ሥርዓት አልመጣም። ሰኔ 9 ቀን 1877 ፒዛ ከተማ ተወለደ። እውነተኛ ስሙ ሩፎ ቲታ ነው፤ ሩፎ የተባለው አባቱ ይወደው በነበረ አዳኝ ውሻ ስም ነው። መድረክ ላይ ሲወጣ ስሙንና የቤተሰብ ስሙን አገላብጦ ቲታ ሩፎ ሆነ። አባቱ ኦሬስቴ በሮም የብረት ሥራ ነበራቸው፤ ልጁም ከልጅነቱ ወናፍና መዶሻ ጨብጦ አደገ። ትምህርት ቤት የሚባለውን ብዙም አላየውም። ሙዚቃ የሚማረው ወንድሙ ኤቶሬ ነበር፤ ሩፎ ግን ፍምና ፍንጣሪ ላይ ቀረ። የራሱን ድምፅ ያገኘው፣ በትዝታው እንደጻፈው፣ የማስካኒን «ካቫሌሪያ ሩስቲካና» ሰምቶ ከተመለሰ በኋላ ወንድሙ በዋሽንት ሲጫወት አብሮት ሊዘፍን ሲሞክር ነው። ቤት ውስጥ የነበሩት ደነገጡ፤ እሱም ደነገጠ።

ሳንታ ቼቺሊያ ገብቶ ሲባረር ወደ ሌሎች መምህራን ዞረ፤ በመጨረሻም ሚላን ውስጥ ሌሊዮ ካዚኒ ያዘው። ሚያዝያ 1898 በሮሙ ኮስታንዚ ቲያትር በቫግነር «ሎሄንግሪን» አዋጅ ነጋሪ ሆኖ ጀመረ። ትንሽ ሚና ናት፤ ነገር ግን ከመድረክ አዋጅ ማወጅ ለዚያ ድምፅ ከዚህ የተሻለ ማስተዋወቂያ አልነበረም። አምስት ዓመት ሳይሞላ በደቡብ አሜሪካም በአውሮፓም ይታወቅ ጀመር።

በ1903 ለንደን ኮቬንት ጋርደን የሆነው ነገር የሰውየውን ባሕርይ ያሳያል። በ«ሪጎሌቶ» ከአውስትራሊያዊቷ ሶፕራኖ ኔሊ ሜልባ ጋር ሊዘፍን ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሷ ልጅ፣ እሱ አባት። ልምምዱን ከሰማች በኋላ አባቴ ሊሆን አይችልም፣ በጣም ወጣት ነው ብላ ሚናውን አስነጠቀችው። የቲያትሩ ባለሥልጣናትም ከእሷ ጋር ቆሙ። ዓመታት አልፈው እሱ በኔፕልስ ሲከበር ሜልባ ከእሱ ጋር ልዝፈን ብላ ላከች። ከእኔ ጋር ለመዝፈን አርጅታለች በሉልኝ ብሎ መለሰ። ይህን ራሱ ነው የተረከው፤ አልተቀየምኩም በሚል አንደበት አይደለም የሚተርከው። ውርደትን የማይረሳ ሰው ነበር፤ ይህ ጠባዩ ኋላ ላይ ከቲያትር በጣም ለሚበልጥ ጉዳይ ቆመለት።

ከ1904 ጀምሮ ሩሲያን አየ፤ ላ ስካላ ላይ ነገሠ፤ በ1908 አዲስ በተከፈተው የቦነስ አይረሱ ኮሎን ቲያትር ዘፈነ። በኅዳር 1912 ፊላዴልፊያ ላይ ሪጎሌቶን ሲዘፍን የአሜሪካ ጋዜጦች ጮሁ። ከሁሉ የሚወደው ሚናው የአምብርዋዝ ቶማ «ሐምሌት» ነበር፤ ትምህርት ያልቀመሰው አንጥረኛ የዴንማርኩን አሳቢ ልዑል ለመረዳት መጻሕፍት እያገላበጠ ራሱን አስተማረ። የሐምሌትን የጽዋ ዘፈን በሸክላ የሰማ ሰው፣ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ የሚፈስሰውን የድምፅ ጌጥ ከዚህ ግዙፍ ደረት ይወጣል ብሎ አይጠብቅም። መሪው ቱሊዮ ሴራፊን ካያቸው ዘፋኞች ሦስቱን ብቻ ተአምር ብሏቸዋል፤ ካሩሶን፣ ሮዛ ፖንሴልን፣ ሩፎን። ዴ ሉካ ራሱ፣ ያ መምህሩ ያበለጠው የትምህርት ጓደኛው፣ የሩፎ ድምፅ ድምፅ ሳይሆን ተአምር ነው ማለቱ በኦፔራ ሰዎች ዘንድ ሲነገር ይኖራል።

ያ ተአምር እንዴት ይሠራ እንደነበር ከሸክላዎቹ መረዳት ይቻላል። ሩፎ የንግግር ድምፁን ጥቁረትና ክብደት እንደያዘ ወደ ላይኛው ኖታ ይወጣል። ሌሎች ከፍ ሲሉ ድምፁን ያቀላሉ፤ እሱ አያቀልም። በ«ፓልያቺ» መቅድም መጨረሻ ላይ የሚይዘው ከፍተኛ ኖታ ነሐስ ሲመታ የሚወጣውን ይመስላል። ሰሚውን የሚያሰክረው ይህ ነው፤ ጉሮሮን የሚያደክመውም ይኸው ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወደ ሀገሩ ተመልሶ ወታደር ሆነ፤ ለዓመታት መድረክ ብዙም አልረገጠም። በጥር 1922 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሲቀበለው ካሩሶ ከሞተ ወራት አልፈው ነበር። ዕድሜው አርባ አራት ነበር፤ ስለታሙ ጆሮ ደግሞ መካከለኛው ድምፁ መሳሳቱን መስማት ጀምሯል።

የተለመደው ትረካ እዚህ ላይ ያቆማል። ዘፋኙ ራሱም ደግፎታል፤ ማስተማር ሲጠየቅ፣ መዝፈን አውቄ አላውቅም፣ ለዚህ ነው ድምፄ በሃምሳ ዓመቴ ያለቀው፣ ስለዚህ በስሜ ነግጄ የማላውቀውን አላስተምርም ብሎ እምቢ እንዳለ ይነገራል። ሐቀኝነቱን አደንቃለሁ፤ ብይኑን ግን እንዳለ አልቀበልም። ምክንያቱም ከ1924 በኋላ የሆነውን ሁሉ ከሒሳቡ ያወጣል።

የሩፎ እህት ቬሊያ ጸሐፊ ነበረች። በ1916 ያገባችው ጃኮሞ ማቴዎቲን ነው፤ የሶሻሊስት የፓርላማ አባል። ግንቦት 30 ቀን 1924 ማቴዎቲ በሮም ፓርላማ ተነሥቶ፣ የሚያዝያው ምርጫ በፋሺስቶች ዱላና ማስፈራራት የተካሄደ ነው፣ ውጤቱ ይሰረዝ አለ። በጩኸትና በስድብ እያቋረጡት እስከ መጨረሻው ተናገረ። ሰኔ 10 ቀን ከቤቱ ወጥቶ በቲቤር ወንዝ ዳር ሲሄድ የሙሶሊኒ ሰዎች አፍነው በመኪና ወሰዱት። ሬሳው የተገኘው በነሐሴ አጋማሽ ከሮም ወጣ ብሎ በጫካ ውስጥ ነው። ሙሶሊኒ ጥር 3 ቀን 1925 በዚያው ፓርላማ ቆሞ ለሆነው ሁሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ አለ፤ የጠየቀው አልነበረም፤ አምባገነንነቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኑን አፍጥጦ ወጣ። ቬሊያ ሦስት ልጆች ይዛ በፖሊስ ዓይን ሥር ቀረች፤ በ1938 ሞተች።

ሩፎ በሀገሩ የፋሺስት መድረክ አልዘፍንም አለ። ይህን ውሳኔ ቀላል አድርገን እንዳናየው። ለጣሊያን ዘፋኝ ላ ስካላ፣ ኮስታንዚ፣ ሳን ካርሎ ማለት ቤቱ ነው። ሌላ ባሪቶን ዘመኑ አብቅቶ እየደከመ ሲሄድ የሀገሩ ሕዝብ ይሸፍነዋል፤ ቀለል ያሉ ሚናዎች ይሰጡታል፤ በሚያውቁት ፊት በክብር ይሰናበታል።  ለሩፎ ይህ በር ተዘጋ፤ የዘጋውም ራሱ ነው። ቀሪውን ጉልበቱን በአሜሪካና በደቡብ አሜሪካ ጉዞ ጨረሰ። ሜትሮፖሊታንን እስከ 1929 አገለገለ፤ ድምፅ ያላቸው ፊልሞች ሲመጡም በጥቂት አጫጭር ፊልሞች ታየ። በ1931 ቦነስ አይረስ ላይ የኦፔራ መድረክን ሲሰናበት ሃምሳ አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

ደግሞስ ሐዘን በድምፅ ላይ ምን ያደርጋል? ይህን በኪሎ የሚመዝን የለም። ዘፈን ግን በሆድ ዕቃና በትንፋሽ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ቤተሰቡ የተነካ፣ በየሄደበት ሀገር ሰላዮች የሚከታተሉት ሰው ትንፋሹ እንደ በፊቱ አይሆንም ብል ድፍረት አይመስለኝም። ሩፎ ድምፁን አለአግባብ ጭኖታል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ድካሙ በታየበት ሰዓት የሚጠጋበትን ጥላ ሁሉ በፈቃዱ ትቶታል፤ ይህም እውነት ነው። የመጀመሪያውን ብቻ መጻፍ ሰውየውን መበደል ነው።

ከእሱ በኋላ የመጡትን ስናይ የመድረክ ዕድሜ በአንድ ምክንያት ብቻ እንደማይረዝምና እንደማያጥር ይገባናል። ቲቶ ጎቢ ከሩፎ ድምፅ ግማሹ እንኳ አልነበረውም፤ በፊት ገጽታውና በቃላት ቀለም ኖረ። የእሱ የስካርፒያ ሚና፣ በ1953ቱ የ«ቶስካ» ቅጂም ሆነ በ1964 ለንደን ላይ ከማሪያ ካላስ ጋር፣ ክፋት በጨዋ ድምፅ ሲናገር ምን እንደሚመስል ያሳያል። ሊዮ ኑቺ ደግሞ ሪጎሌቶን ከ500 ጊዜ በላይ ዘፍኖ ሰባ ዓመት አልፎትም መድረክ ላይ ነበር፤ ጉሮሮውን እንደ ገበሬ ማሳ ተንከባክቦ የያዘ ሰው ነው።

የሚያሳዝነው ታሪክ የኤቶሬ ባስቲያኒኒ ነው። የሲየና ልጅ ነው፤ በ1945 ባስ ሆኖ ጀመረ፤ ድምፁ ወደ ላይ ሲሳብ ተሰማውና በ1952 ባሪቶን ሆኖ እንደገና ተወለደ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ገደማ ያን የመሰለ ጥቁር ሐር ድምፅ ጣሊያን አልሰማችም። በ1962 የጉሮሮ ካንሰር ተገኘበት። ለማንም አልተናገረም። ድምፄን ያጠፋብኛል ብሎ ቀዶ ሕክምና እምቢ አለ፤ በጨረር እየታከመ ዘፈነ። ድምፁ ሲሰነጠቅ ታዳሚው ጮኸበት፣ ተቺዎችም ሥራውን ችላ ብሏል ብለው ጻፉ። ምሥጢሩ የታወቀው ጥር 1967 በአርባ አራት ዓመቱ ከሞተ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የጮኸበት ሁሉ አፈረ። ከውጭ የሚሰማ የድምፅ ድካም ምንጩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ መፍረድ እንዴት እንደሚያሳስት ከባስቲያኒኒ የበለጠ ምስክር አላውቅም፤ ለዚህም ነው በሩፎ ላይ የተሰጠውን ብይን ደግሜ የማነሣው።

ሩፎ በ1937 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። ርዕሱ «ላ ሚያ ፓራቦላ» ነው። በጣሊያንኛ ፓራቦላ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ወንጌል ላይ ያለው ምሳሌ፣ ወይም የተወረወረ ድንጋይ ወደ ላይ ወጥቶ ሲወርድ የሚሠራው ቀስት። ሁለቱንም አስቦት ይሆናል። በዚያው ዓመት ጣሊያን ሲመለስ አገዛዙ አሠረው፤ ቢፈታም ፓስፖርቱን ነጠቀው። ለእኛ ያ ዓመት ሌላ ስም አለው። በዚያው በ1937 የካቲት፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929፣ ይኸው አገዛዝ በእንደራሴው በግራዚያኒ ዘመን አዲስ አበባን በደም አጥቧል። ማቴዎቲን በቲቤር ዳር ያፈነው እጅና የአዲስ አበባን ቤቶች በእሳት ያጋየው እጅ የአንድ ሥርዓት እጆች ናቸው። በመድረክ የኢትዮጵያን ንጉሥ ከሚዘፍኑት የጣሊያን ባሪቶኖች መካከል ለዚያ ሥርዓት አልዘፍንም ያለ ሰው መኖሩን የእኛ አንባቢ ቢያውቅ መልካም ነው።

ሩፎ ፓስፖርት አልባ ሆኖ በሀገሩ ተቀመጠ። ሐምሌ 1943 ሙሶሊኒ ሲወድቅ ፍሎረንስ ውስጥ ነበር። ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ የስልሳ ስድስት ዓመቱ ሰው መስኮቱን ከፍቶ የፈረንሳዮቹን የነፃነት መዝሙር «ላ ማርሴዬዝን» እንደዘፈነ ይነገራል። ከፋሺስት ጣሊያን የነፈገውን ድምፅ፣ የቀረውን ያህል፣ ያን ቀን ለመንገድ ሰው ሰጠ። ሐምሌ 5 ቀን 1953 እዚያው ፍሎረንስ ሞተ፤ መቃብሩ ሚላን ነው።